«ወረቀት ብቻ ነው፤ ፈርሚላት»

ስልኩ የሚደወለው ብዙ ጊዜ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ደዋዩ የአክስት ልጅ ነው። ስልኩን የምታነሳው ሌሊቱን ሥራ አድራ ገና ከእንቅልፏ የነቃች ነርስ ናት። ሰላምታው ከወትሮው ይረዝማል። ልጆቹ፣ ሥራው፣ አገር ቤት ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ከዚያ ነገሩ ይመጣል።

«የእማዬ ፕሮሰስ ደርሷል። የእኔ ገቢ አይበቃም አሉ እንጂ ሁሉም ነገር አልቋል። ከቤተሰቡ የምታሟዪው አንቺ ብቻ ነሽ። አንዲት ሳንቲም አታወጪም፤ ወጪውን ተዋጥተን ጨርሰናል። ወረቀት ብቻ ነው፤ ፈርሚላት።»

ነርሷ ትፈርማለች። የሚመጡት አክስቷ ናቸው። ተማሪ ሳለች ክረምቱን የምታሳልፈው እሳቸው ቤት ነበር። ዲቪ ሲደርሳት ለቲኬት ካዋጡት አንዷ እሳቸው ነበሩ። እምቢ ብትል ወሬው ሳይመሽ አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ የታክስ ወረቀቷንና የደመወዝ ማስረጃዋን ስካን አድርጋ ትልካለች፤ የመጣላትን ፎርም ሳታነብ የመጨረሻው ገጽ ላይ ትፈርማለች።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስ ይህን ስልክ ያልደወለ ወይም ያልተደወለለት የሐበሻ ቤት ጥቂት ነው። ለነርሷ ሦስት ነገር ተነግሯታል፦ ወረቀት ብቻ መሆኑ፣ ሳንቲም እንደማታወጣ፣ ሁሉም ነገር እንዳለቀ። ሦስቱም ልክ አይደሉም። ደዋዩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እሱም ያነበበው ነገር የለም። ግን አለማንበቡን ለሌላ ሰው ማስተላለፉ ጥፋት ነው፤ ይህ ጥፋት በሐበሻው ዘንድ «የቤተሰብ መተጋገዝ» የሚል ካባ ለብሶ ዓመታትን አስቆጥሯል።

አገር ቤት አንድ ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር «ተያዥ አምጣ» ይባላል። ተያዥ የሚሆነው ሰው የደመወዝ ደብዳቤ አጽፎ ይሄድና ይፈርማል። ተቀጣሪው ገንዘብ ቢያጎድል እንደሚጠየቅ ያውቃል። አንዳንዱ ሥራውን አግኝቶ ተያዥ የሚያጣው ለዚህ ነው። ወንድም ለወንድሙ እንኳ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ቀን ያስባል። ያው ሰው አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን ከዚያ የከበደውን ፊርማ በስልክ ይጠይቃል፤ ሌላውም በስልክ እሺ ይላል።

የፎርሙ ቁጥር አይ-864 ነው፤ በሐበሻ አፍ «አፊዳቪት»። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የስፖንሰር ደብዳቤ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከሞራል ቃል ኪዳን ያለፈ ዋጋ ስላልነበረው ኮንግረሱ ሆን ብሎ ጥርስ አወጣለት። ዛሬ አይ-864 በፈራሚውና በአሜሪካ መንግሥት መካከል የሚታሰር ውል ነው። ፈራሚው፣ የመጣው ሰው ኑሮ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ በታች እንዳይወርድ ግዴታ ይገባል። ይህን ባያደርግ የመጣው ሰው ራሱ ሊከሰው ይችላል። የመጣው ሰው ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጡ የተወሰኑ የመንግሥት ድጋፎችን ቢወስድ፣ ድጋፉን የሰጠው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከፈራሚው መጠየቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ለእናቱ ያመለከተው ልጅ ገቢው ባይበቃም የራሱን አይ-864 የመፈረም ግዴታ አለበት። ነርሷ በጆይንት ስፖንሰርነት ስትጨመር ግን የእሱን ጉድለት ብቻ የምትሞላ ረዳት አትሆንም። የሕጉን መስፈርት በራሷ ገቢ ብቻዋን ማሟላት አለባት፤ ኃላፊነቱም ሙሉ በሙሉ የእሷም ይሆናል። ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የእሷ የሚባል ክፍፍል የለም። ልጁ ነገ ሥራ ቢያጣ ወይም ስልክ ማንሳት ቢያቆም ውሉ እሷን ይዞ ይቀጥላል።

እስከ መቼ? «አምስት ዓመት ነው» የሚለው መልስ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ኖሯል። ውሉ አምስት ዓመት የሚል ነገር የለበትም። የሚያበቃው የመጣው ሰው የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ፣ 40 ሩብ ዓመት የሥራ ክሬዲት ሲያሟላ፣ የመኖሪያ መብቱን ትቶ ከአገር ሲወጣ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ነው። ባልና ሚስት ሲሆኑ ፍቺ እንኳ አያቋርጠውም። የዘመድ ኩርፊያማ ከነጭራሹ አይታወቅበትም።

አሁን እነዚህን መውጫዎች በ68 ዓመታቸው ቦሌ ተሳፍረው ደላስ ኤርፖርት በሚያርፉ አንዲት እናት ላይ እንመልከት። 40 ሩብ ዓመት ማለት አሥር ዓመት ሠርቶ ታክስ መክፈል ነው። በ68 ዓመት አይጀመርም። ዜግነት ከአምስት ዓመት በኋላ ይጠየቃል፤ እንግሊዝኛ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ የሚፈተንበት ቃለ መጠይቅ ግን አለ። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ፈተናውን በገዛ ቋንቋቸው እንዲወስዱ የሚፈቅደው ሕግ ዕድሜን ብቻ አይመለከትም። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ 20 ዓመት በግሪን ካርድ መኖር፣ ወይም ከ55 በላይ ሆኖ 15 ዓመት መኖር ይጠይቃል። በ68 ዓመታቸው የገቡት እናት በአማርኛ ለመፈተን 83 ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሕመም ምክንያት ሐኪም ካላስመሰከረላቸው ወይም እንግሊዝኛውን ካልወጡት፣ «አምስት ዓመት» የተባለው ፊርማ የዕድሜ ልክ ይሆናል። ይህን ለነርሷ ማን ነገራት?

ከዚህም የባሰው፣ የፈረመችው ነገር በራሷ ቤት ላይ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ሕጉ የፈራሚውን ቤተሰብ ብዛት ሲያሰላ ባልን፣ ልጆችንና ከዚህ በፊት የተፈረመላቸውን ሰዎች ሁሉ ይደምራል። ነርሷ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር አራት ናቸው። አክስቷ ሲጨመሩ አምስት ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሠንጠረዥ መሠረት በዓመት 47,062 ዶላር ማሳየት ነበረባት። ይህን አሳየች። ነገ የራሷን እናትና አባት ልታመጣ ስትነሳ ስድስት ሳይሆን ሰባት ሆና ትቆጠራለች። በዚያው ሠንጠረዥ የስድስት ሰው 53,937 ሲሆን የሰባት ሰው 60,812 ዶላር ነው። በመካከል ወልዳ የሥራ ሰዓቷን ብትቀንስ፣ ወይም ባሏ ሥራ ቢያቆም፣ ለአክስቷ የፈረመችው እጅ ለእናቷ መፈረም ያቅተዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ እሷም እሁድ ከሰዓት በኋላ ስልክ አንስታ የሌላ ሰው ደጅ ትጠናለች። ሰንሰለቱ እንዲህ ይረዝማል፤ ከጫፉ ላይ ሁልጊዜ ደሞዟ በወረቀት ላይ በደንብ የሚታይ አንዲት ሴት ትገኛለች።

ደሞዟ በወረቀት ላይ የሚታይ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የልጁ ገቢ ለምን ጎደለ? ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ አይደለም። ታክሲና ኡበር ይነዳል፤ ከነርሷ እኩል ሰዓት ይሠራል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ሚያዝያ ሲደርስ ግን የነዳው ማይል፣ ስልኩ፣ የመኪናው ወጪ ሁሉ ተቀንሶ ገቢው የአንድ ተማሪ ገቢ ሆኖ ለታክስ ቢሮ ይቀርባል። የሚፈቀደውን መቀነስ መብቱ ነው። ከዚያ አልፎ በጥሬ ገንዘብ የገባውን ጨርሶ የማያስመዘግብም አለ። ኤምባሲው ግን የሚያየው ያንኑ ወረቀት ነው። ለታክስ ድሃ፣ ለቪዛ ሀብታም መሆን አይቻልም። ለዓመታት ያተረፈው የታክስ ገንዘብ በእሱ ኪስ ነው። ጉድለቱን የምትሞላው ግን ከእያንዳንዱ ደሞዟ ታክስ የተቆረጠባት የአክስቱ ልጅ ናት።

«ወጪውን ተዋጥተን ጨርሰናል» ወደሚለው እንምጣ። መዋጮው እውነት ነው፤ መናቅም የለበትም። ሐበሻ ተሰባስቦ ያልቀበረው፣ ያልዳረው፣ ያላሳከመው የለም። ነገር ግን ሒሳቡ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2025 በነበረው ተመን ለአንድ ወላጅ የማመልከቻው ክፍያ በወረቀት ሲገባ 675 ዶላር፣ የቪዛው 325፣ የአፊዳቪቱ 120፣ የግሪን ካርዱ 235 ነው። ድምሩ 1,355 ዶላር። የሕክምና ምርመራና ቲኬት ይጨመርበት። ቤተሰቡ ጠርቶ ያዋጣውና «ጨረስን» ያለው ይህንን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውስ? በአብዛኛው ግዛት አዲስ የገቡ ወላጆች ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው፤ በራሳቸው ገንዘብ የሚረዱ ግዛቶች ጥቂት ናቸው። 65 ዓመት ያለፈው ሰው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖረ በኋላ ሜዲኬርን በገንዘቡ መግዛት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የሥራ ክሬዲት ለሌለው ሰው የሆስፒታሉ ክፍል በወር 518 ዶላር፣ የሐኪሙ ክፍል 185 ዶላር ነበር። በወር 703 ዶላር ማለት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ለመንግሥት የከፈለው የፕሮሰስ ገንዘብ የሁለት ወር የሜዲኬር ክፍያ አይሞላም። ተዋጥቶ ያለቀው የመግቢያው በር ነው። ቤቱ ገና አልተከራየም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚል ሕዝብ እዚህ ላይ ምን ሲያደርግ እንደሚገኝ ማየት ያሳፍራል። የሚያበቃውን፣ የሚቆጠረውን፣ ስም የሚያስጠራውን ወጪ ሃምሳ ሆኖ ይከፋፈላል። ማብቂያ የሌለውን ግን ሰብስቦ ለአንድ ሰው ያሸክማል። ከዚያም «ምንም አትከፍልም» ይላታል።

ነገሩ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ነው። እናት በሦስተኛው ክረምት በረዶ ላይ ይወድቃሉ፤ ወይም ስኳሩ ይነሳባቸዋል። የሆስፒታሉ ቢል በታማሚዋ ስም ይመጣል፤ አፊዳቪቱ ቢሉን በቀጥታ ወደ ፈራሚዋ አይልከውም። ቤተሰቡ ግን ይልከዋል። ያዋጡት ዘመዶች አንዱ ቤት ገዝቷል፣ አንዱ ግዛት ቀይሯል፣ አንዷ ከባሏ ጋር ተለያይታለች። ግሩፑ ላይ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ «ስፖንሰሯ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ብሎ ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን «ወረቀት ብቻ» የነበረው ነገር ዋጋ ያለው መሆኑ በዚያች ቅጽበት ለሁሉም ይገለጥላቸዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጥ መልስ አለ። «ስንቱ ፈርሟል፣ ማን ተከሶ ያውቃል?» ይባላል። መንግሥት ፈራሚዎችን ተከታትሎ ገንዘብ ማስመለሱ ከስንት አንዴ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ መሥሪያ ቤቶቻቸው ይህንን ሕግ በተግባር እንዲያስከብሩ በጽሑፍ አዘዋል። ሕጉ ተኝቶ ነበር እንጂ አልሞተም፤ መቼ እንደሚነሳም ነርሷ አትወስንም። ደግሞስ ዘመድን ወደ ውል ሲያስገቡ «አይደርሱበትም» ብሎ ማጽናናት ምን ዓይነት ዝምድና ነው? ተያዥ ለሚሆን ሰው «ጓደኛዬ ገንዘብ ቢያጎድልም አይያዝም» ብሎ መንገር ይመስላል።

ሁለተኛው መልስ ከባድ ነው። «እናት ናት። በእናት ሒሳብ ይሠራል እንዴ?» ይላል። ይህን የሚል ሰው አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ እናት መምጣት ይፈልጋሉ ወይ? ተጠይቀዋል ወይ?

ብዙ እናቶች የሚፈልጉት መጥተው፣ የልጅ ልጅ ስመው፣ ሦስት ወር ቆይተው መመለስ ነው። የጉብኝት ቪዛ ሲጠይቁ ተከለከሉ። ልጁ ዜጋ ስለሆነና 21 ዓመት ስላለፈው፣ ለወላጅ ደግሞ የዓመት ኮታ ስለሌለ፣ ግሪን ካርዱ ቀለለ። ለሦስት ወር ያልተፈቀደላቸው እናት ለዕድሜ ልክ ተፈቀደላቸው። ይህ የአሜሪካ ሕግ እንቆቅልሽ ነው፤ ቤተሰቡ ግን እንቆቅልሹን ሳይፈታ ገባበት። እናት እድራቸውን፣ ማኅበራቸውን፣ የደጃቸውን ቡና ትተው አሥረኛ ፎቅ ላይ ይቀመጣሉ። ናፍቆታቸው በርትቶ አገር ቤት ቢመለሱ ደግሞ ከዓመት በላይ ያለ ፈቃድ መቆየት ካርዱን አደጋ ላይ ይጥላል። እናም ካርዱን ለማዳን ሲባል በየጊዜው ቲኬት ይቆረጣል። ያም ገንዘብ «ተዋጥቶ ያለቀው» ውስጥ አልነበረም።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ብዙ ቤት ውስጥ የእናት ፕሮሰስ የሚፋጠነው ልጅ ሲወለድና የዴይኬር ዋጋ ሲጠየቅ ነው። አያት የልጅ ልጃቸውን ማቀፋቸው በረከት ነው። ነገር ግን አንዲት የ70 ዓመት ሴት ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ሕፃን እንዲይዙ ታስበው ከመጡ፣ ነገሩ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ሥራም ነው። ሥራው ያለ ደሞዝ ነው፤ ያለ ደሞዝ በመሆኑም የሥራ ክሬዲት አያስገኝላቸውም። የዴይኬሩ ትርፍ ለልጁ ቤት ይገባል፤ ግዴታው ነርሷ ዘንድ ይቀራል። እሷ ከዚያ ቤት የምታገኘው በዓል ሲመጣ አንድ ምሳ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ «ወላጅ አይምጣ» ማለት ስሕተት ነው። ብቻቸውን የቀሩ፣ ጧሪ የሌላቸው፣ ከሰፈራቸው ጦርነት ያፈናቀላቸው፣ ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ ያሉ ወላጆች አሉ። ለእነሱ መምጣቱ ዕረፍት ነው። ለእነሱ የሚፈርም ዘመድም የተባረከ ነው። መቆም ያለበት ውሸቱ ነው።

ውሸቱን ማቆም ደግሞ ብዙ አይጠይቅም። ፊርማ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ፎርሙን ራሱ ያንብብ፤ ያላነበበውን ውል ሌላውን አያስፈርም። የታክስ ወረቀቱን ካመለከተበት ቀን ጀምሮ ያስተካክል፤ ማመልከቻውና ቀጠሮው ጊዜ ስለሚወስዱ ብዙ ሰው በዚያ መካከል በራሱ ገቢ ብቁ መሆን ይችላል። ከራሱ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ሠራተኛ ወንድም ወይም እህት ካለው በሕጉ መሠረት ገቢያቸውን ከእሱ ጋር መደመር ይፈቀዳል፤ የአክስት ልጅ ደጅ ከመጠናቱ በፊት ይህ ይሞከር። ቤትና ገንዘብ ያለው ሰው ንብረቱን ማስቆጠር ይችላል፤ ለወላጅ ሲሆን ንብረቱ የጎደለውን ገቢ አምስት እጥፍ መሆን አለበት።

ያም ካልሆነና የዘመድ ፊርማ ግድ ከሆነ፣ ለፕሮሰሱ ያዋጡት ሁሉ ከዚያ በኋላም ያዋጡ። እቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን መማር አያስፈልገውም። በየወሩ ከየሰው 100 ዶላር በፈራሚዋ ስም ሳይሆን በእናት ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ የጤና መድኑ ከዚያ ይከፈል። ማን ምን እንደሚከፍል በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ሁሉም ይፈርምበት። መንግሥት ያንን ወረቀት አያውቀውም፤ ፈራሚዋንም ከውሉ ነፃ አያወጣትም። ቤተሰቡ ግን ያውቀዋል። በሦስተኛው ክረምት ግሩፑ ላይ ዝምታ ሲሆን የሚለጠፈው እሱ ነው። «ለዘመድ ወረቀት እንፈርማለን እንዴ?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ቢገኝ፣ ነርሷን ያስፈረማት ወረቀት ምን እንደነበር ይጠየቅ።

ከሁሉ በላይ ግን እምቢታ ይፈቀድ። ዛሬ «አልችልም» ያለች የአክስት ልጅ በሠርግ ትታለፋለች፣ በለቅሶ ትወራለች። «ሰው ረሳች፣ አሜሪካ ለወጣት» ይባላል። በፍርሃት የተሰጠ ፊርማ የዝምድና ምልክት አይደለም። እምቢ ማለት የማትችል ሴት የሰጠችው እሺታ ምን ያህል እንደሚመዝን የጠየቃት ሰው ራሱ ያውቀዋል፤ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ሦስት ጊዜ የሚመርቃትም ለዚህ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ መደወሉ አይቀርም። በዚህ ሳምንትም ይደወላል። ልዩነቱ የሚመጣው ደዋዩ እንዲህ ካላት ነው፦ «እማዬ ልትመጣ ነው፤ መምጣት እንደምትፈልግ ራሷን ጠይቀናታል። የእኔ ገቢ ጎድሏል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፎርሙን ልኬልሻለሁ፣ አንብቢው። ከፈረምሽ ዕድሜዋን ሙሉ ልትጠየቂበት ትችያለሽ፤ የራስሽን እናት ስታመጪም ይቆጠርብሻል። እኛ በየወሩ የምንከፍለውን ጽፈን ፈርመናል፤ እሱንም ልኬልሻለሁ። ከባልሽ ጋር ተመካከሪ። እምቢ ብትዪም ለፋሲካ እኛ ቤት ነሽ።»

እንዲህ ተብላ የምትፈርም ነርስ ትኖራለች። የማትፈርምም ትኖራለች። ሁለቱም ለፋሲካ እዚያ ቤት ይምጡ።